ትምህርት ቤት መሄድ ላቆመ ልጅ፣ ብዕርና ጥድ

ከቶኪዮ በስተሰሜን በሳይታማ ከተማ፣ ኦሚያ በሚባለው አካባቢ፣ መጠሪያው ራሱ «ቦንሳይ» (በሸክላ ውስጥ እየተቆረጠ በትንሹ የሚያድግ ዛፍ) የሆነ ሰፈር አለ። ታላቁ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ በ1923 ቶኪዮን ካፈራረሰ በኋላ ቦንሳይ አሳዳጊዎች ሰፊ መሬትና ንጹሕ ውኃ ፍለጋ ከመሀል ከተማ ወጥተው በ1925 የቆረቆሩት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እዚያ ለመኖር የፈለገ ሰው ቢያንስ 10 ቦንሳይ እንዲኖረው፣ በሩን ለማንም ክፍት እንዲያደርግ፣ አጥሩን በተክል እንዲያጥርና ፎቅ እንዳይሠራ ደንቡ ያዝዝ ነበር። በዚያው ሰፈር የኪታዛዋ ራኩተን መኖሪያ ይገኝ ነበር። ራኩተን በ1905 ባለቀለም የካርቱን መጽሔት መሥርቶ ማንጋን (የጃፓንን የሥዕል ታሪክ) እንጀራቸው ካደረጉት ቀደምት ጃፓናውያን አንዱ ነው። በ1955 ካረፈ በኋላ ቤቱ የነበረበት ቦታ በ1966 የካርቱን ሙዚየም ሆነ። የቦንሳይ ሙዚየሙ ደግሞ በ2010 በአቅራቢያው ተከፈተ።

ሁለቱ ሙያዎች ጎረቤት የሆኑት በአጋጣሚ ነው። እኔ ግን አብሬ የማነሳቸው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ትምህርት ቤት መሄድ ላቆሙ የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች። እንዲህ ላለ ልጅ ከምክር በላይ የሚያስፈልገው መጀመሪያና መጨረሻው የሚታይ፣ ብቻውን ሊሠራው የሚችል የእጅ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ማንጋና ቦንሳይ ሁለቱም ለዚህ ይሆናሉ፤ በትክክል ከተሰጡ። በስሕተት ሲሰጡ ግን ልጁ በራሱ ላይ የሚቆጥረው አንድ ተጨማሪ ውድቀት ይሆናሉ።

በመጀመሪያ የጃፓንን ሁኔታ እንይ። የትምህርት ሚኒስቴሩ «ፉቶኮ» ብሎ የሚቆጥረው ከሕመምና ከገንዘብ ችግር ውጪ በሆነ ምክንያት በአንድ የትምህርት ዓመት 30 ቀንና ከዚያ በላይ የቀረን ተማሪ ነው። በ2023 የትምህርት ዓመት ቁጥራቸው 346,482 ደረሰ። ከእነዚህ 130,370ው የአንደኛ ደረጃ፣ 216,112ቱ ደግሞ ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ያሉ ናቸው። ሚኒስቴሩ ገና በ1992 ይህ ነገር በማንኛውም ልጅ ላይ ሊደርስ እንደሚችል ተቀብሎ ነበር። በ2016 የወጣው ሕግ ደግሞ ልጁ እረፍት ሊያስፈልገው እንደሚችል በግልጽ ጻፈ። በ2019 ለትምህርት ቤቶች የተላለፈው መመሪያም ግቡ ልጁን ወደ ክፍል መመለስ ብቻ መሆን የለበትም ይላል። ወላጆች ብዙ ጊዜ ይህን ስለማያውቁ በየማለዳው አልጋ ሥር ጦርነት ይገጥማሉ።

ከመደበኛው ትምህርት ቤት ውጪ ያለው ቦታ ብዙ ዓይነት ነው። «ፍሪ ስኩል» የሚባሉት በግል የሚቋቋሙ ናቸው፤ በ1985 የተከፈተው ቶኪዮ ሹሬ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ሚኒስቴሩ በ2015 ባወጣው ጥናት የወር ክፍያቸው በአማካይ 33 ሺህ የን ገደማ ነበር። ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው፤ መጀመሪያ የከተማው አስተዳደር በነጻ የሚያቀርበውን የድጋፍ ማዕከል መጠየቅ ይሻላል።

ከ9ኛ ክፍል በኋላ ትልቁ መንገድ የርቀት ትምህርት ነው። አሠራሩን ጠንቅቆ ማወቅ ይጠቅማል። ለመመረቅ ቢያንስ 3 ዓመት መመዝገብ፣ 74 ክሬዲት መሙላትና 30 ሰዓት ከመደበኛ ትምህርቶቹ ውጪ በሆኑ የጋራ እንቅስቃሴዎች መሳተፍ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ክሬዲት በጽሑፍ ሥራ፣ በአካል ተገኝቶ በመማርና በፈተና ይሞላል። ሒሳብን ብንወስድ ለአንድ ክሬዲት 3 የጽሑፍ ሥራና 1 ክፍለ ጊዜ በአካል ይበቃል። ሳይንስና የውጭ ቋንቋ 3 የጽሑፍ ሥራና 4 ክፍለ ጊዜ ይጠይቃሉ። ስፖርት ግን አንድ የጽሑፍ ሥራ ብቻ ይዞ 5 ክፍለ ጊዜ በአካል መገኘትን ይፈልጋል። ብዙ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ሒሳቡን ቤታቸው ጨርሰው ስፖርቱን ይፈሩታል። ስለዚህ ሲመዘገቡ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ክፍያ ሳይሆን «የስፖርቱ ሰዓት መቼና ከስንት ሰው ጋር ነው?» የሚል ይሁን። ሌላው ወጥመድ «የድጋፍ ትምህርት ቤት» የሚባለው ነው። በሕግ ትምህርት ቤት አይደለም፣ ክሬዲትም አይሰጥም፤ የርቀቱን ትምህርት የሚያግዝ አስጠኚ ነው፤ ክፍያውም ከትምህርት ቤቱ ክፍያ በላይ የሚጨመር ነው።

ወደ እጅ ሥራው ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። እንጨት በእርጥቡ ነው የሚቃናው ብለን ያደግን ሰዎች ልጅን ከቦንሳይ ጋር ማመሳሰል ይቀናናል። እኔ አልስማማበትም። ቦንሳይ የሚቆረጠውና በሽቦ የሚታሰረው ለአሳዳጊው ዓይን እንዲያምር ነው፤ ልጅ ለማንም ዓይን አይታሰርም። ዛፉ የሚሰጠው ለልጁ ነው፤ ቆራጩም ወሳኙም ልጁ ነው።

ማንጋ። እዚህ ጋ የሚደረገው የመጀመሪያው ስሕተት ልጁ በሕልሙ ያለውን 20 ቅጽ ታሪክ እንዲጀምር መተው ነው። ሁለት መቶ የገጸ ባሕርይ ንድፍ ይስላል፤ አንድም ገጽ አይጨርስም። ሁሌም በ«ዮንኮማ» ይጀመር፤ ከላይ ወደ ታች የሚነበቡ 4 ክፈፎች። የመጀመሪያው ሁኔታውን ያስተዋውቃል፣ ሁለተኛው ያስቀጥላል፣ ሦስተኛው ባልታሰበ መንገድ ያጥፈዋል፣ አራተኛው ይቋጫል። ሦስተኛው ክፈፍ ላይ ምንም ካልታጠፈ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ማንጋ አልሆነም። አምስት ዮንኮማ የጨረሰ ልጅ ወደ 8 ገጽ ታሪክ ይለፍ። ከ8 በላይ ግን ለመጀመሪያው ዓመት አልመክርም።

ቀጥሎ የሚመጣው «ኔሙ» የሚባለው ረቂቅ ነው። ተራ ወረቀት አጥፎ ትንንሽ ገጾች ማዘጋጀት፣ ሰዎቹን በእንጨት መሰል መስመሮች ማስቀመጥ፣ ንግግሩን ሙሉ በሙሉ መጻፍ። ሥዕሉ ሳይሆን ንግግሩ ነው ሙሉ የሚሆነው፤ ምክንያቱም የንግግር ፊኛው ቦታ በኋላ ከተጠበበ ክፈፉ በሙሉ ይፈርሳል። በኔሙ ላይ የሚታየው ትልቁ ነገር ገጹ የሚገለጥበት ቦታ ነው። 2ኛውና 3ኛው ገጽ ጎን ለጎን ስለሚታዩ አንባቢው ገጽ የሚገልጠው 3ኛውን ጨርሶ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው በ3ኛው ገጽ መጨረሻ፣ መልሱ በ4ኛው መጀመሪያ ይቀመጣል። ልጁ መልሱን 3ኛው ላይ ካስቀመጠው አንባቢው 2ኛውን ሲያነብ ዓይኑ ቀድሞ ያየዋል። በአማርኛ ለሚሠራ ልጅ የገጽ ቁጥሩ ሕግ ያው ነው፤ የጃፓን ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ የሚለወጠው ቀኝና ግራው ብቻ ነው። ፊኛው ግን ይለያል። ጃፓንኛ ከላይ ወደ ታች ስለሚጻፍ ፊኛው ቁመተ ረጅም ነው። የእኛ ግሦች ደግሞ በአንድ ቃል ብዙ ስለሚሸከሙ ወደ ጎን ይረዝማሉ፤ በቀጭን ፊኛ ውስጥ «አልተገናኘንም» ብሎ መጻፍ ቃሉን ለሁለት መሰንጠቅ ነው። ፊኛውን ሰፋ፣ ክፈፉን ዝቅ አድርጎ መንደፍ ይሻላል።

ንጹሑ ሥራ የሚሠራው ቢ4 በሚባለው መጠን (ከኤ4 ተለቅ ያለ) ወፍራም ወረቀት ላይ ነው። የውስጥ ክፈፉ ወርዱ 180፣ ቁመቱ 270 ሚሊ ሜትር ነው፤ መቁረጫው 220 በ310። መጽሔቱ በቢ5 (የቢ4 ግማሽ) ሲታተም ወርዱም ቁመቱም ከመጀመሪያው መጠን 83 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ለዚህም ነው ወረቀቱ ላይ ደንደን የሚል መስመር በኅትመት የሚቀጥነው፤ በጣም ቀጭን መስመር ደግሞ ጭራሹን ይጠፋል። ጽሑፍና ፊት ከውስጥ ክፈፉ እንዳይወጡ፤ ጠርዝ ላይ ያለው በመቁረጫው ሊበላ ይችላል።

ለቀለም የሚሆነው ብዕር እየነከሩ የሚጠቀሙበት ነው፤ በብዛት የሚሠራባቸው ጫፎች ሦስት ናቸው። «ጂ» የሚባለው ሲጫኑት ይከፈታል፣ መስመሩ ከቀጭን ወደ ወፍራም ይሄዳል፤ ለሰው አካል ነው። «ማሩ» ቀጭንና ሹል ነው፤ ለፀጉርና ለጀርባ ሥዕል። «ካቡራ» ጠንካራ ስለሆነ እኩል መስመር ይሰጣል፤ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ጀማሪ ከካቡራ መጀመር ተስፋ ከመቁረጥ ያድነዋል። አዲስ ጫፍ በዘይት ተሸፍኖ ስለሚመጣ ሳይጠረግ ከተነከረ ቀለሙ ይንከባለላል፣ አይያዝም፤ በለስላሳ ወረቀት መጥረግ ይበቃል። ብዕሩ ወደ ራስ ይሳባል እንጂ አይገፋም። ሲገፋ ጫፉ ወረቀቱን ይቧጥጥና ቀለም ይረጫል። ስለዚህ እጅን ሳይሆን ወረቀቱን ማዞር ነው። ቀለሙ ሙሉ ለሙሉ ሳይደርቅ እርሳሱን ማጥፋት የአንድ ቀን ሥራ ያበላሻል። ሲጨርሱ ጫፉን አለመጥረግ ደግሞ ዝገት ነው።

ብዙ ልጆች በታብሌት መሥራት ይመርጣሉ፤ ለጥቁርና ነጭ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) አድርጎ ማዘጋጀት የተለመደ ነው። ዝቅ ባለ ጥራት ተጀምሮ በኋላ መጠኑ ከተለወጠ የጥላ ነጥቦቹ ተጋጭተው ያልታሰበ ሞገድ ይሠራሉ። እኔ ግን ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ዮንኮማዎች በወረቀት እመርጣለሁ። አሥር ጊዜ የሚመልስ ቁልፍ በእጁ ያለ፣ ራሱን አብዝቶ የሚወቅስ ልጅ አንዱን መስመር እየደጋገመ ሲስል ይመሻል። ወረቀቱ ላይ የተሳሳተው በነጭ ቀለም ይሸፈንና ሥራው ይቀጥላል።

ቦንሳይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ነው፤ እዚህ ጋ ልጁ ሳይሆን ወቅቱ ነው ቀጠሮ የሚሰጠው። ጃፓኖች ውኃ ማጠጣትን ለመማር 3 ዓመት ይፈጃል ይላሉ። ጀማሪ የሚገድለው ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ በውኃ ጥማት ወይም በውኃ ብዛት ነው የሚሞተው፤ በመቀስ የሚሞተው ጥቂት ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ የአፈሩ ገጽ መድረቅ ሲጀምር ከሥር ባሉት ቀዳዳዎች እስኪወርድ ድረስ ማጠጣት። ቶኪዮ ባለበት በካንቶ አካባቢ በሙቀቱ ወቅት ይህ በቀን ሁለት ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ በብርዱ ወቅት በየጥቂት ቀኑ። በፕሮግራም ማጠጣት የሚገድለው ለዚህ ነው፤ አየሩ ፕሮግራም አያውቅም።

እዚህ ላይ የማነሳው ነገር በብዙ የቦንሳይ መምሪያ ላይ አይገኝም። ትምህርት ቤት ካቆሙ ልጆች ብዙዎቹ ጠዋት መነሳት አይችሉም። በጉርምስና ዕድሜ ሲነሱ የደም ግፊታቸው የሚወርድባቸው አሉ፤ የእንቅልፍ ሰዓታቸው የተገለበጠባቸውም አሉ። ለእነዚህ ልጆች ሰዎች ትንሿን፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጠውን ዛፍ ይሰጣሉ፤ ትንሽ ስለሆነች ቀላል መስላቸው። ተቃራኒው ነው። እፍኝ አፈር ያለው ሸክላ በነሐሴ ፀሐይ በጥቂት ሰዓት ይደርቃል፤ ልጁ ከሰዓት ሲነሳ ዛፏ ጠውልጋለች። ወርዱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሸክላ ስጡት፤ ጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከቀትር በኋላ ጥላ በሚሆን ቦታ ይቀመጥ። የሸክላውን መጠን የሚወስነው የልጁ እንቅልፍ ይሁን።

አፈሩ እንደምናውቀው የአትክልት አፈር አይደለም። በጃፓን የተለመደው «አካዳማ» ነው፤ ጠጠር መሰል የተጋገረ የሚመስል ሸክላማ አፈር። ለጥድ ዓይነቶች አሸዋና ፐሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ይቀላቀልበታል፤ አዛሊያ ለሚባለው የአበባ ቁጥቋጦ ደግሞ «ካኑማ» የሚባለው አሲድነት ያለው አፈር ይመረጣል። ዋናው ወንፊቱ ነው። ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ያለው ዱቄት ተነፍቶ ይጣላል፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያለው ለመካከል፣ ተለቅ ያለው ከሥር ይሆናል። ዱቄቱ ከቀረ በጠጠሮቹ መካከል ያለውን የአየር ቀዳዳ ይደፍናል፤ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ከላይ ሲታይ የጠማው ይመስላል፣ ባለቤቱ ደግሞ ውኃ ይጨምርበታል።

ሸክላ መለወጥ የሚደረገው በጸደይ፣ ቡቃያው ሊፈነዳ ሲል ነው። ቅጠላቸው የሚረግፍ ዓይነቶች በየ2 ወይም 3 ዓመቱ፣ ጥዶች በየ3 እስከ 5 ዓመቱ። ከሥሩ አንድ ሦስተኛ ያህል ይቆረጣል። ዛፉ ከሥር ቀዳዳው በወጣ ሽቦ ከሸክላው ጋር በደንብ ይታሰራል፤ በነፋስ የሚወዛወዝ ዛፍ አዲሱን ፀጉር መሰል ሥር በየቀኑ ይበጥሳል። አፈሩን በቀጭን እንጨት እየወጉ በሥሮቹ መካከል ማስገባት ያስፈልጋል፤ ባዶ ቦታ ከቀረ ሥሩ እዚያ ይደርቃል። ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ከነፋስና ከጠንካራ ፀሐይ ራቅ፣ ማዳበሪያ ደግሞ ለአንድ ወር ያህል አይንካው።

ሽቦ ማሰር ልጆች በጣም የሚወዱት ክፍል ነው። ለጀማሪ አሉሚኒየም ይሁን፤ የሽቦው ውፍረት የቅርንጫፉን አንድ ሦስተኛ ያህል፣ ርዝመቱ ከቅርንጫፉ በአንድ ሦስተኛ የሚበልጥ። በ45 ዲግሪ ይጠመጠማል። ሲታጠፍ ሽቦው በጥምዙ ውጫዊ ጎን ላይ ቢሆን ቅርፊቱ አይሰነጠቅም። ሲፈታ አይጠመዘዝም፤ በየጥምዙ በመቁረጫ ተቆራርጦ ይወጣል። በዕድገት ወቅት በየሳምንቱ ካልታየ ሽቦው ቅርፊቱ ውስጥ ይሰምጣል፤ ጠባሳው ለብዙ ዓመት ይታያል።

ለመጀመሪያ ዛፍ ጥቁሩን የጃፓን ፓይን (መርፌ መሰል ቅጠል ያለው ጥድ)፣ «ኩሮማትሱ»ን፣ አልመክርም፤ ግን አንድ ሥራው ሊታወቅ ይገባል። «መኪሪ» ይባላል። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ገደማ የዓመቱ አዲስ ቀንበጥ ከመነሻው ይቆረጣል፤ ዛፉ ሁለተኛ ቡቃያ ያወጣል፤ የቀረው የሙቀት ወቅት አጭር ስለሆነ ቅጠሉም አጭር ይሆናል። በመከር ከየቦታው ሁለት ቡቃያ ብቻ ይተዋል። ይህ የሚሠራው በደንብ በተመገበ ጤነኛ ዛፍ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ሸክላው በተለወጠ፣ በደከመ፣ ወይም «ጎዮማትሱ» በሚባለው ባለ አምስት ቅጠል ነጭ ፓይን ላይ ቢደረግ ቅርንጫፍ ይሞታል። ለአሥራዎቹ ልጅ ይልቅ ቅጠላቸው ከሚረግፈው «ዘልኮቫ» ወይም የጃፓን ሜፕል ይስማማል፤ ቆርጦ ውጤቱን በዚያው ወቅት ያየዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ወይም ለሚመለስ ሰው ዛፉ ሩቅ አይደለም። የእኛው ወይራ በደቡብ አፍሪካ ቦንሳይ አሳዳጊዎች ዘንድ በጣም የተወደደ ነው፤ ቅጠሉ ትንሽ፣ ግንዱ ቶሎ የሚያረጅ ይመስላል። ያረጀው ቅርንጫፉ ግን ስለሚሰበር ሽቦ በለጋው ላይ ብቻ ይታሰር። ሾላና ሌሎች የዋርካ ዘመዶች የሥር ቆረጣን በደንብ ይችላሉ፣ ለጀማሪ ምሕረት አላቸው፤ የሾላ ቅጠል ሰፊ ስለሆነ ግን ትልቅ ሸክላ ይፈልጋል። የእኛው ጥድ ሲቆረጥ አረንጓዴ ሁልጊዜ ይተውበት፤ ባዶ የቀረ ቅርንጫፍ ዳግም አያቆጠቁጥም። ከጫካ አትንቀሉ፤ ከችግኝ ጣቢያ ግዙ። አካዳማ ባይኖር ለግንባታ ሙሌት የሚውለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ተሰባብሮ ከተነፋ በኋላ ሥራውን ይሠራል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ግን ሸክላው ጣሪያ ሥር ይግባ።

ሁለቱን ሥራ በሳምንት ውስጥ እንዴት ማስቀመጥ ይቻላል? ከሰዓት በኋላ፣ ከ7 ሰዓት ወዲህ፣ ሁለት ቀን ለማንጋ፣ አንድ ቀን ለዛፉ፤ እያንዳንዱ ከ90 ደቂቃ ያልበለጠ። ከሦስት ወይም ከአራት ልጅ በላይ አንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ፤ ጎን ለጎን እንጂ ፊት ለፊት አይሁኑ። ሥራው በእጅ ላይ ስለሆነ ማንም ማንንም እንዲያይ አይገደድም፤ ወሬ ከመጣ በራሱ ጊዜ ይመጣል። አዋቂው የሚናገረው ስለ መስመሩና ስለ ሥሩ ብቻ ይሁን። «ይህን ከቻልክ ትምህርት ቤት መሄድማ አያቅትህም» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር የስድስት ወር ሥራ ታፈርሳለች፤ ልጁ ብዕሩ ማጥመጃ እንደነበር ይገባዋልና። ሥራውን ያለፈቃዱ ማሳየትም እንዲሁ ነው። ሁለት ሳምንት ቢቀር ዛፉን አዋቂው ያጠጣ፤ ስለ መቅረቱ ግን ወሬ አይነሳ። የደረቀ ዛፍ ማቅረብ ክስ ማቅረብ ነው።

መጨረሻ ላይ የወረቀቱ ጉዳይ። በጃፓን እስከ 9ኛ ክፍል ድረስ ከትምህርት ቤት ውጪ በተገቢ ቦታ የዋለ ልጅ በርእሰ መምህሩ ውሳኔ እንደተገኘ ሊቆጠርለት ይችላል። ውሳኔው የርእሰ መምህሩ ስለሆነ ጥያቄው ከሥራው በፊት፣ በጽሑፍ ይቅረብ፤ ዓመቱ ካለቀ በኋላ አይደለም። ቀኑ፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ የተሠራው ነገር በአንድ መስመር ይመዝገብ፦ «ዮንኮማ፣ 3ኛ ክፈፍ በቀለም»፣ «ዘልኮቫ፣ ሥር ተቆረጠ፣ አፈር ተነፋ»። በወር አንዴ ቅጂው ለክፍል ኃላፊው መምህር ይላክ። ልጁ መዝገቡን ያንብበው፤ ያልተስማማበት መስመር ካለ ከመላኩ በፊት ይታረም።